አቤት ባይዋ

በወንጂ መንገድ ዳር፣ ከመጋዘኑ ደጅ፣
ማዳበሪያ ልቀበል፣ ጆንያ አጣጥፌ በእጅ፣
በየዓመቱ ስሰለፍ፣
ጸሐፊው ይገልጣል ያን የቆየ መዝገብ፦
«ቶሌራ ገመዳ! ፈርም፣ ወዲህ ቀረብ!»

ቶሌራስ አፈር ነው፤ ስድስት ዓመት ሞላው።
«አቤት» ባይ እኔ ነኝ፣ ስሙን የምሞላው።

እኩለ ሌሊት ላይ፣ የአዋሽ ውሃ ተራ
ወንዶች ሲጠግቡ ነው እኔን የሚጠራ።
ባትሪ ነክሼ በጥርስ፣ ቦይ ስከፍት በዶማ፣
የሚያውቀኝ ጅብ ነው፤
መብራቷን አብርታ ተኝታለች አዳማ።

ሽንኩርቱ ሲደርስ ደግሞ ደላላው ይመጣል፤
«ባለቤቱን ጥሪ» ይላል፣ ጊዜ አጣሁ ብሎ ይቆጣል።
የትኛውን ልጥራ?
የተኛውን ነው ወይስ የቆመችውን?
ዝም አልኩና ሰፋሁ ጆንያውን አፉን።

ዘንድሮ ግን ሲጠራው፣ ዝም አልኩኝ፤ ጠበቀ።
ደግሞ ጠራ። ከሰልፉ መሃል አንዱ ሳቀ።
«የለም እንዴ?»
«የለም። ሸጊቱ ብለህ ጻፍ» አልኩት።
እስኪርቢቶው አየር ላይ ቀረ፤
ጭቃ እጄን ዘረጋሁለት።