ላይኛው ታክና፣ ታችኛው አሪካ

ወይራ ሻጭ ነኝ እኔ፣ አሪካ ገበያ፣
ከአዛፓ ሸለቆ የሚወርድ በጆንያ፤
ሦስት ዓመት ሞላኝ ግን የራሴን ሳልቀምሰው፣
በባዶ ድድ ደግሞ ወይራ ማን ሊነክሰው?
ደንበኛ ሲጠይቅ «ጨዉ ልክ ነው ወይ?»
እጠባዋለሁኝ እያየሁ ወደ ላይ።

መጀመሪያ ሄድኩኝ ሬቲግ የሚሉት ጋ፣
ፎቁ የሚያብረቀርቅ፣ ወንበሩም እንደ አልጋ።
ስድስቱን ጉቶዬን በመስታወት ቆጥሮ፣
«አጥንቱ ደህና ነው» አለ ወደ ረዳቱ ዞሮ።
ከላይ አራት ብሎን፣ ከታች አራት ብሎን፣
ዋጋው ተጻፈልኝ፣ አሥራ አንድ ሚሊዮን።
«ዋስትናው አሥር ዓመት!»
እኔ ሰባ ስምንት ነው ዓመቴ፤
ማን ለማን ይዋስ ይሆን፣
ጥርሴ ነው ወይስ ሕይወቴ?

«ታክና ሂጂ» አለች ጎረቤቴ ኤርሲልያ፣
ጥርሷን ገልጣ አሳየች እንደ ሱቅ ማሳያ።
በኤውሎሂዮ ታክሲ አንድ ሰዓት በረሃ፣
አምስት ሰው ታጭቀን፣ ለአምስታችን አንድ ውሃ፤
አንዷ መነጽር ልትገዛ፣
አንዱ ጆሮውን ሊታይ፣
እኔ መሐል ላይ፣ አፌን በሻርፕ ሸፍኜ።
«ምን ይዘሽ ትገቢያለሽ?» ሲለኝ የኬላው ሰው፣
«ባዶ አፍ» አልኩት። ሳቀ፤ ማኅተሙን አሳረፈው።

ዮቫና ሐኪሟ፣ ክንዷ የዳቦ ጋጋሪ፣
ወንበሯ የተለጠፈ፣ ሬዲዮዋ አጓሪ፣
ልጇ ጥግ ላይ ይጽፋል፣ ሁለተኛ ክፍል ተማሪ።
«ለሁለቱም አራት ሚሊዮን» አለች፤
በሶል አስልታ፣ በፔሶ መንዝራ።
«ዋስትናውስ?» አልኳት።
«ዋስትናው እኔ ነኝ፤ ከዚሁ በላይ ነው ቤቴ፣
ቢነቃነቅ ደውይ፤ ባልሰማ ትሰማለች እናቴ።»

የወይራ ሚዛኔ ላይ ሁለቱን ባስቀምጥ፣
አንዱ ወረቀት ነው፣ ሌላው በር፤ በምን ልምረጥ?
ኪሴ መረጠልኝ።

ላይኛውን ገጠመችው። ስትሰረስረኝ
ልጁ «ሰባት በስድስት ሲባዛ?» ይላል፣
እኔ አፌን እንደከፈትኩ «አርባ ሁለት» አልኩት፤
«አአ አአ» ነበር የወጣው።
አርባ ብሎ ጻፈ።

ለታችኛው ከሁለት ወር በኋላ ቀጠረችኝ።
ከዚያ ኬላው ተዘጋ።
የጭነት ሾፌሮች ድንጋይ ደረደሩ፣
ጎማ አቃጠሉ፣ በሁለቱም በኩል አደሩ፤
አንድ ሳምንት ተባለ፣ ከዚያ አምስት፣ ከዚያ ወር፤
እኔም ወይራዬን ይዤ፣ አፌም እንደ ጎዶሎ በር።
አንድ እጅ አያጨበጭብም፣
አንድ መንጋጋም አያኝክም።

ጀልባውን ከሸጠው ወንድሜ ተበደርኩ።
ሬቲግ ፎቅ ላይ ወጣሁ፣ እያፈርኩ።
መስታወቱን አስገባ፣ ላይኛውን በእጀታው መታ መታ፣
ዝም አለ፣ እንደገና መታ።
«ማን ሠራው?»
«ታክና፣ ከፋርማሲው በላይ ያለችው።»
«እጇ ጥሩ ነው» አለ፤
አሁን ለረዳቱ ሳይሆን፣ ለእኔ።

እነሆ፣ ድንበሩ አፌ ውስጥ ሆነ፤
ላይ ፔሩ፣ ታች ቺሊ፣
ምላሴ ያለ ፓስፖርት መሐል ላይ ትውላለች።
አያቴ ታክና ተወልዶ
«በአንዱ ባንዲራ ተኝቼ በሌላው ነቃሁ» ይል ነበር፤
ቢያየኝ ይስቅ ነበር፣ እሱም በድዱ።
ጥርስ መቼም ባዳ ነው፣ ለማንም ይስቃል፣
የእኔ ግን ሁለት ባዳ፣ አንዱ በአንዱ ላይ ያርፋል።
ታችኛው ዕዳ አለበት፣ ላይኛው ተከፍሏል፤
ወይራው ግን ይህን አያውቅም፣ እኩል ይነከሳል።

ዛሬ ጠዋት አንዲት ሴት፦ «ጨዉ ልክ ነው ወይ?»
ትልቁን አነሳሁ፣ ነከስኩ፣ አላየሁም ወደ ላይ።
ዘሩን መዳፌ ላይ ተፋሁት፤
ሁለት ጭረት አለበት፣
አንዱ ከላይ፣ አንዱ ከታች።
ጨዉስ?
በዝቶበታል።