ከመስኮቱ ሦስተኛው

ሻጩ ኤያል ይባላል፤ ጫማው ያብረቀርቃል፤
ቁልፉን በጣቱ እያዞረ ሊፍት ይጠብቃል።
«ሰባተኛ ፎቅ ነው፣ ነፋሻ ነው» ይላል።
አባቴ ደረጃውን አሻግሮ ያያል።

እኔ መሀል ቆሜያለሁ እንደ በር ማጠፊያ፣
ባንድ ፊቴ መውጫ፣ ባንድ ፊቴ መግቢያ፤
ከሰባት ዓመቴ የአባቴ ምላስ ነኝ፣
ባንክ ቤት፣ ሐኪም ቤት፣ «በይ ንገሪው» ሲለኝ።

በሩ ተከፈተ፤ ቀለሙ ሸተተ።
ሳሎኑን አሳየን፣ መብራቱን አበራ፣
የወጥ ቤቱን እብነ በረድ እንደ ልጁ በስም ጠራ፤
«ይኼ ደግሞ ማማድ፣ ሲረን ሲጮኽ መግቢያችሁ፣
ግንቡ ክንድ ይሆናል፣ ተኙ ተደላድላችሁ።»
ከዚያ ወደ በረንዳው በትከሻው መራን፣
«ባሕር!» አለ፣ በጣቱ አሳየን።

እውነቱን ነው፣ አለች።
በሁለት ሕንፃ መሀል እንደ ክር ቀጥና
ሰማያዊ ነገር፤ ባሕር ናት ካለ፣ እሺ፣ ትሁና።
ለዚህች ለአሽቀሎን ክር አርባ ሺህ ሸቀል ታስቧል።
አባቴ ይህን ሲሰማ ፂሙን ዳበስ ያደርጋል፤
«በይ ንገሪው፤ መጋረጃ ሰቅለን እንኖራለን እኛ፤
ባሕሩን ይሽጠው ለሌላ ዋናተኛ።»

ኤያል ሳቀ። ሻጭ ሲስቅ
ጥርሱ እንጂ ማስሊያው አይስቅም።
«ቁርጡ ስንት ነው?»
«ሁለት ሚሊዮን ከመቶ ሺህ። አንዲት አጎራ አትነካም።»
«አትነካም?»
«አትነካም።»
ይህን አልተረጎምኩም፤
እምቢታ በየትም አገር አስተርጓሚ አይፈልግም።

ያኔ ነው አባቴ ዝም ብሎ ወለሉን መቁጠር የጀመረ፤
ከመስኮቱ አንድ፣ ሁለት፤ ሦስተኛዋ ላይ ተገተረ።
ተረከዙን አነሣና መታ።
ሌላው ድፍን ነው፤
ያቺ ብቻ እንደ ባዶ ገንቦ አስተጋባች ላንዳፍታ።

«ይህቺን ያነጠፍኳት እኔ ነኝ» አለኝ ባማርኛ፣ ቀስ ብሎ፣
«አምና በሐምሌ፣ ሊፍቱ ሳይገባ፣ ሲሚንቶ በትከሻ ታዝሎ።
ሙጫውን ቀብቼ ላሳርፋት ስል ሲረኑ ጮኸ።
ማማዱ ያኔ በር የለው፤ ከቻይናዊው ከዌይ ጋር
ደረጃ ሥር ተኮራመትን፤
እሱ በቋንቋው፣ እኔ በቋንቋዬ ስንማጸን ነበር።
ስመለስ ሙጫው ደርቋል፤ ናፍታሊ ‹ፍጠን! ፍጠን!› ይላል፤
እኔም ለጠፍኳት። ሥሯ ባዶ ቀርቷል።»

ቸኮል ነው የአባቴ ስም።
ከዚያች ቀን በቀር ሲቸኩል ታይቶ አያውቅም።

ቃሉ አፌ ላይ መጣ። «ወለላችሁ ባዶ ነው» ብለው
ሠላሳ ሺህ ይወርዳል፤ በልቤ አወረድኩት።
«ልንገረው?» አልኩት።
«ተይ» አለኝ። «አያቴ ለባለ ርስት ግንብ ሲያቆም ኖረ፤
አንድ ክንድ መሬት ሳይኖረው ተቀበረ፤
ግንቡን ግን ያማው የለም።
እኔም የእጄን ሥራ አምቼ ቤት አልገዛም።»

«ምን አለ?» ኤያል ነው።
«ያነጠፈው ሰው እጁ ይባረክ፣ ነው ያለው።»
«አዎ! ባለሙያዎች ናቸው፤ ከውጭ አገር ነው ያስመጣናቸው!»
ይህችን ያህል ዕብራይስጥ አባቴ ያውቃል፤
ጎንበስ ብሎ የጫማውን ክር ያስራል።

እስከ ስድስት ሰዓት ተከራከርን። ሰባት ሺህ ወረደ፤
የጫማ ሣጥን የምታህል የዕቃ ክፍል መረቀና
ኤያል እጁን ሰደደ።
አባቴ እጁን ጨበጠው፤ «እናስብበት» አለው።

ሊፍቱ መስተዋት አለው፤ እሱ ጀርባውን ሰጠው።
«ከገዛን» አለ፣ «በመጀመሪያው ሌሊት ነቅዬ አስተካክላታለሁ።»
«ካልገዛንስ?» አልኩ።

መልስ የለም። ታች ባልና ሚስት ቆመዋል፤
ኤያል ቁልፉን እያዞረ ወደ እነሱ ይስቃል።
አባቴ እስክሪብቶዬን ተቀብሎ፣ ከነዳጅ ደረሰኝ ጀርባ፣
ፊደሉን እየጠበቀ፣ ሳይቸኩል፣
«ቤት ቁጥር ሃያ ስምንት፤ ከመስኮቱ ሦስተኛው»
ብሎ ጻፈና ኪሱ ከተተው።