ሰልፍ

ከራስ ሆቴል ጀርባ ፀጉር ስቆርጥ ውዬ፣
የሰው ፀጉር አንገቴ ስር እየበላኝ፣
ማታ ማታ ፒያሳ እወጣለሁ፤
ከጫማ ቤቱ በላይ፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
መብራት ሲጠፋ በስልክ ባትሪ የምንማርባት
አንዲት ጠባብ ክፍል አለች።

"ማይሰልፍ" ብለው ጻፉ መምህር ልዑልሰገድ፣ ከሥሩም "ሂምሰልፍ"፤
እኔ የሰማሁት ግን ሰልፍ ነው፣ ሰልፍ፣
የታክሲው፣ የዳቦው፣ የዘይቱ ሰልፍ።
"የአድራጊው እጅ" አሉ "ዞሮ ራሱ ላይ ሲያርፍ።"
አንዱ ከኋላ፣ "'ማይ' የእኔ ከሆነ
'ሂም' ለምን እሱን ይሆናል? ለምን የእሱ አይሆንም?"
"ይሄ ምክንያት የለውም። ሸምድዱ።"

ምሳሌ መጣ፤ ሰውየው ሂምሰልፍን ላጨ።
እጄን አወጣሁ።
"መምህር፣ በኛ 'ተላጨ' ብለን እንጨርሳለን።
'ተላጨ' ሲባል እኔም አለሁበት፤
በዚያች 'ተ' ውስጥ ወንበሬ፣ ነጭ ጨርቄ፣ አልኮሌ አለ፤
ምላጩን ማን እንደያዘ ቋንቋው አይጠይቅም።
ይሄ ሂምሰልፍ ግን ከመስታወቱ ፊት ገፍትሮ አስወጣኝ፤
እንጀራዬን ነው የነካው።"
ክፍሉ በሳቅ ፈረሰ። የመምህር ጠመኔ ወደቀ።

እኔ ግን ግማሹን ከልቤ ነው።
እኛ 'ራሴ' ስንል ጭንቅላታችንን ነው የምንጠራው፤
ሃያ ሁለት ዓመት ደግሞ የራስ ሠራተኛ ነኝ።
ራሱን የቻለ፣ ራሱን የጣለ፣
ራሱን ሊስት ትንሽ የቀረው፣
ሁሉም በእጄ ዘንበል ብሎ ያልፋል፤
አንዱም የገዛ ማጅራቱን አያውቀውም።
ስጨርስ ትንሿን መስታወት ከኋላ እይዝለታለሁ፤
"ይሄ እኔ ነኝ?" ይላል።

"ባይ ማይሰልፍ" አሉ መምህር፣ "ሁለት ፍቺ አለው፤
አንድም ብቻዬን፣ አንድም ያለ ሰው እርዳታ።
ዓረፍተ ነገር?"
ትርሲት ተነሣች፣ የፖስታ ቤቷ ጥበቃ፣
የደንብ ልብሷን ሳትቀይር የመጣች፤
ቃሉን እንደ ሳንቲም አንድ አንድ እየቆጠረች፣
"ልጄን ባይ ማይሰልፍ አሳደግሁ" አለች።

በየትኛው ፍቺ? አልጠየቋትም።
ዞር ብለው፣ ምንም ያልተጻፈበትን የሰሌዳ ጥግ
ደጋግመው ጠረጉ።

ሦስት ሰዓት። የሽሮ ሜዳ ታክሲ ሰልፍ
ወርቅ ቤቶቹን አልፎ ታጥፏል።
ትርሲት ከፊቴ ናት።
ሻርፗ ሸርተት ብሎ፣ ማጅራቷ ላይ
እሷ የማታውቀው አንድ ሽበት አየሁ፤
ዝም አልኩ።

አንድ ሰው እየሮጠ መጣ።
"የመጨረሻው ማነው?"
"እኔ ነኝ" አልኩ፣ "እኔው ራሴ።"
ትክክል ነበር፤
እሱ ከኋላዬ እስኪቆም ድረስ።