የከፈተው ይዝጋ

ፒያሳ፣ ከመድኃኒት ቤቱ በላይ፣ ሁለተኛው ፎቅ፣
አምስት ሰው ተሰብስቦ አንድ ቃል ሲጠብቅ፤
ለተፈጸመ ሥራ የሚሰጥ ስም፣
ሰሌዳው ሞልቷል፣ የተስማማ የለም።

ማንደፍሮ በቀይ ቀለም «አለቀ» ሲል ጻፈ፤
እንዬ በመዳፏ ጠረገችው፤ ግማሹ ተረፈ።
«አለቀ የሚባል ሰው ነው፣ እህል ነው፣ ሻማ ነው፤
በሥራ ላይ ሟርት አትጻፍ!» አለችው።

«ተፈታ» አልኩ እኔ፣ ቋጠሮ እያሰብኩ፣ የክር፣ የገመድ።
አዝመራው ስልኩን አየ፣ ከዚያ መስኮቱን፣ ከዚያ መንገድ።
በጥር ነው የፈታት። ፍርድ ቤቱ ከዚህ ይታያል።
ቃሉን ራሴ ሰረዝኩት፤ ሌላ ይገኛል።

«ተዘጋ» ቀረን። አጭር ነው፤ ልንስማማ ነበር፣
ቁጥር አርባ አንድ መሐል ገብታ ባታደናግር፦

«ውሃ ተለቋል አለኝ ስልኬ፣ ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት፤
ባልዲ ደረደርኩ፣ ጄሪካን ደረደርኩ፣ ቧንቧው አየር ተፋበት።
ጥሩወርቅ ነኝ፣ ከአዘዞ።»

ማንደፍሮ «መልእክቱ ሄዷል፤ የኛ ሥራ መላክ ነው» አለና ዘጋ።
በነጋታው ከፈተችው። ደግሞ ዘጋ። ደግሞ ከፈተች፣ ሳይነጋ።
ሦስተኛ ሲዘጋ ረድፉ አረንጓዴ ለበሰ፤
ውሃ ሳይነካው የለመለመ፣ ጠብታ ሳያይ የታደሰ።

አዝመራው ደረጃ ዘረዘረ፦ «ተልኳል»፣ «ደርሷል»፣
«ተፈትሿል»፣ «ጸድቋል»፣ ከጸደቀም ወዲያ «ታትሟል»…
ስድስተኛው ላይ መብራት ሄደ።
ሰሌዳው ጠፋ፤ ክርክሩ ግን በጨለማም ነጎደ።

እኔ ስልክ አነሣሁ። ደወልኩላት።
«እትዬ፣ ጉዳዩ ተዘግቷል» ስላት፣
ጥቂት ዝም አለች። ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል።
«አይ ልጄ፣ እናንተ ጋ ተዘጋ፤ እኔ ጋማ መች ተከፍቶ ያውቃል?»

በድምፅ ማጉያ ነበር። አምስታችንም ሰማን።

ባንቺአምላክ ቀኑን ሙሉ ትንፍሽ አላለችም፤
በሞባይሏ ብርሃን ተነሥታ ጻፈች፤ አላስፈቀደችም፦
«እኛ ሠራን እንላለን፤ ተዘጋ ባይ ሌላ ነው።
የከፈተው ይዝጋ።» ማንም አልተቃወመው።

አርባ አንድ «ተሠርቷል» ሥር ተቀመጠች፣
ሐምሌን አልፋ፣ ዝናቡን አልፋ፣ ሪፖርታችንን አበላሸች።
አንድ ማለዳ ግን፣ በጥቅምት፣ ያለ ማንም ጉትጎታ፣
ባለቤቷ ዘግታታለች፣ ከግርጌ አንድ መስመር ትታ፦

«ባልዲው ሞላ። ይኸው፣ ጉዳዩን ዘጋሁት፤
ቧንቧውን ግን፣ አደራ፣ እንዳትነኩት።»

ማንደፍሮ አነበበው። እጁን ሊታጠብ ወጣ።
የኛ ቧንቧ ሁለቴ ሳለ፤ ምንም አልመጣ።
ተመልሶ ተቀመጠ፣ ሳሙናው ጣቱ ላይ እንደደረቀ፣
ስልሳ ሦስትን ከፈተ፣ በራሱ ስም፣
ማን እንደሚዘጋት እያወቀ።