ግማሽ ጺም

ዳኑብ ዳር ነው ሱቄ፣ ቪዲን ከተማ ውስጥ፣
ሠላሳ ዓመት ሙሉ ምላጭ ሳገላብጥ።
ፊት እንደ መንደር ነው፤ ዳገቱን አውቃለሁ፣
ጠባሳውን ዞሬ ጉንጩን እወርዳለሁ።

አሴን ጀልባ ነጂው ቅዳሜ ማለዳ
መጣ እንደ ልማዱ፣ ወሬውን ሊቀዳ።
አረፋ ቀባሁት፤ ግራውን ጨርሼ
ወደ ቀኝ ልዞር ስል ምላጬን አብሼ፣
ስለ አማቹ ፍየል የጀመረው ቀልድ
መሃሉ ላይ ቆመ፣ እንደ ፈረሰ መንገድ።
«ፍየሉ… ፍየሉ…» አንድ ቃል እየቆጠረ፣
ገንፎ እንደ ጎረሰ አፉ ተሳሰረ።

ቀና አልኩ ድንገት ወደ መስታወቱ፤
በቀኝ በኩል ብቻ ተንዷል ፊቱ።
ያ የማውቀው መንደር ግማሹ ፈራርሷል፤
አረፋው ከነጉንጩ ቁልቁል ተንሸራቷል።
«እስቲ ሳቅልኝ» አልኩት፤ ሳቀ፣ ግን ግማሹ።
«እጆችህን አንሣ» ስል ሁለቱም ተነሡ፤
ቀኙ ግን ወረደ፣ ቀስ ብሎ፣ በራሱ፣
ሰውዬው ሳያውቀው፣ ሳይፈቅድለት እሱ።

ወረፋ ጠባቂው አዛውንቱ ኪሪል
«ደክሞት ነው» አለኝ፤ «ትንሽ ጋደም ይበል፤
አረቄ ስጡትና ደሙ ይሙቅ» ሲል…

ይህን ቃል አውቃለሁ።
አባቴንም ያኔ
«ጋደም ይበል» ብለን፣ እናቴና እኔ፣
ብርድ ልብስ ደርበን፣ መጋረጃ ዘግተን፣
ድምፅ ሳናሰማ በእግር ጣት ሄደን፣
እስኪነቃ ድረስ ጠበቅነው።
ነቃ።
ስሜን ግን ከዚያ ወዲያ አልጠራም።
ሆስፒታል ጠየቁን፦ «መቼ ነው የጀመረው?»
ማናችን እንወቀው፣ እንቅልፉን ስናምነው?

«አይሆንም» አልኩና መለኪያውን ነጥቄ
አምቡላንስ ጠራሁ፣ አሴንን ይዤው አጥብቄ፤
ግድግዳውን አይቼ፣ በአረፋ፣ በጣቴ
«አራት ከሩብ» ብዬ ጻፍኩ በመስታወቴ።

መኪናው ደረሰ። ወጣቷ ሐኪም
«መቼ ጀመረው?» አለች፣ ሌላ አልጠየቀችም።
ምላሴ ደረቀ፣ ሠላሳ ዓመት ያወራው፤
መስታወቱን ጠቆምኩ። ሰዓቱ እዚያው ነው።

በረዶው ቀልጦ ዳኑብ ሲሞላ
አንድ ጧት አሴን ገባ፣ ተደግፎ ዱላ።
ቀኝ ጣቱ ሰንፏል፤ ቃል ሲያጣ ይቆማል፤
የኮቱን ቁልፍ ግን ለብቻው ይቆልፋል።
ሳይቀመጥ ገና፣ በግራ እጁ ቆጥሮ
የግማሹን ሂሳብ ሰጠኝ ተቸግሮ፦
«ያኔ… የላጨኸኝ… ግማሹን ነው» አለ።

«ፍየሉስ ምን ሆነ?» ስለው፣ ጣሪያውን አየና
ሳቀ። አላስታወሰም።
ከቀኙ ጀመርኩለት፣ እንደገና።