ከባሕር በታች የታሰረ ውል

ባሕሩ ተመጦ መሬቱ ብቅ አለ፣
ዛጎል እንደያዘ፣ ጨው እንዳዘለ።
ፍሪስላንድ ነው፤ ክረምት። በፓምፑ ቤት ጓዳ
ሠላሳ ገበሬ፣ ለዚህ አፈር እንግዳ፤
አያት ያላረሰው፣ ንጉሥ ያልቸረው፣
ትናንት የዓሣ መንገድ፣ ዛሬ እርሻ የሆነው።

ዕጣው ተጠቅልሎ ተኝቷል ባርኔጣ፣
ግን ማንም አይነካም ሕጉ ሳይወጣ።
አንዱ ጥቁር አፈር፣ አንዱ ረግረግ አለው፤
ማንም አያውቅ ገና የትኛው እንደሚደርሰው።
ግድቡ ሲጣስ ማን ነው የሚክሰው?
ቦዩን የሚጠርገው ስንት ቀን፣ ስንት ሰው?

ዳውወ ተነሣ፣ ሦስት ፈረስ ያለው፤
“ሁሉም ለራሱ ነው፤ ጎርፍም የእግዜር ነው፤”
አለና ዞር ብሎ ባርኔጣዋን አየ፤
ረግረጉ ለሱ ቢደርስ? ድምፁ ተለየ።
“እንግዲያ ካሳውን በጋራ እንክፈል” አለ፤
ያልታወቀ ዕጣ ስንቱን ሰው አባበለ!

እኔ፣ ጸሓፊዋ፣ ቀለሜ በርዶብኝ፣
የቆየ ጥያቄ ቀስ ብሎ ነካኝ፦
ፍትሕ የት ነበረች ከዚህ ምሽት በፊት?

ፓስተሩ “ከላይ ናት፣ ትወርዳለች” ይላል፤
መምህሩ “ከልባችሁ ቆፍሩ” ብሎናል፤
እኔ ያየሁት ግን እንደ ግድብ ነበር፦
ሸክላ በቃሬዛ፣ በትከሻ አፈር፣
አንዱ ሲያቀብለው ሌላው ሲደለድል፣
“ይህን ትቀበላለህ?” “አንተስ?” ሲባባል።
አልተገኘችም፤ ተሠራች። ብትሠራም
ጨዋታ አይደለችም፤ ውኃ አታስገባም።
ሰው ስለ ሠራው ግድብ ውሸት አይባልም፤
ባሕሩን ጠይቁት።

ሕጉን አነበብሁ። እጅ ሁሉ ተነሣ።
ብቻ በሩ ጥግ ላይ፣ ፋኖስ ተሸክሞ፣
ዮሪት፣ የቀን ሠራተኛው፣ ቆሟል ከኛ ቀድሞ፤
ሸክላውን የጫነ፣ ጭቃውን ያቦካ፤
ስሙ ከባርኔጣው አልገባም ለካ!
“ያማረ ውል ነበር፤” አለ፣ “ውሉ ግን ጠፋኝ፤
‘እኩል ነን’ ስትሉ ማን ነው የቆጠረኝ?”

ማንም አልመለሰ። ፓምፑ ብቻ አጓራ።

ለካስ ከግድቡ ሥር፣ ጭቃው ሳይደለደል፣
ማንም ያልመከረበት ግንድ ተተክሏል፦
ማን ሰው ነው? ማን ይቀመጥ? ማን ይናገር?
ይህን ሳንሠራው ነው የጀመርነው ነገር።

ሲትስከ፣ ባሏን ባሕር የበላባት፣
ከመዝገቤ ጠርዝ ቀደደች ወረቀት፣
“ዮሪት” ብላ ጽፋ ጣለች ባርኔጣው ውስጥ።
ዳውወ አጉረመረመ። አንዱ ሳቀ። ጸጥ።

ሠላሳ አንድ ዕጣ፤ መሬቱ ሠላሳ።
በዚያ ሌሊት ማንም ዕጣ አላነሣ።
ቀለሜን አሞቅሁ፤ ገጹን ሰረዝሁና
“አንደኛ” ብዬ ጻፍሁ እንደ ገና።