ግልባጭ

ከአዘዞ በታክሲ፣ ከፒያሳ በእግሬ፣
ደረስሁ ፍርድ ቤቱ፣ ወረቀት ቋጥሬ።
"የመዝገብ ቁጥርሽስ?" አለኝ ቀና ሳይል።
"ቁጥሩስ ጠፍቶብኛል፤ የተፋታንበት ቀን ግን
የሐምሌ ሥላሴ ማግስት፣ ቀሐ ሞልቶ ድልድዩን ሊውጥ ሲል።"

"ወንዝ አይመዘገብም፤ ዓመቱን ጥሪልኝ፣
የአመልካች፣ የተጠሪ ሙሉ ስም ጻፊልኝ።"

ጻፍሁ የራሴን ስም፤ ቀጥዬም የእሱን ስም፦
ሙላው ዳኘው...
አያቱ ማን ነበር? አሥራ አንድ ዓመት በአንድ ትራስ ተኝቼ
አላስታወስሁም።

ቴምብሩን ገዛሁ። "ነገ ነይ" ተባልሁ።
በነጋውም መብራት ሄዶ፣ ማተሚያው ተኝቶ፣ ባዶ እጄን ተመለስሁ።

በአራተኛው ቀን፣ ሰውየው አቧራውን እፍ ብሎ፣
ፋይሉ ወረደልኝ፣ በሲባጎ ታስሮ፣ ተጠቅልሎ፤
የእኔ አቤቱታ ከላይ፣ የእሱ መልስ ከሥሩ፤
እኛ ተፋትተን
እነሱ ዘጠኝ ዓመት ሳይጣሉ አብረው ኖሩ።

"ግልባጩ ያውልሽ፤ ዋናው ከእኛ ይቀራል።" ማኅተሙን መታበት።
ለቤቴ ካርታ ነው፤ ሌላ ምን ልሠራበት?
ደረጃው ላይ ቆሜ፣ ጣቴን በደበዘዘው ቀለም እየሰደድሁ ስሙ ላይ ስደርስ፣
ያጣሁት ተገኘ፤
ሙላው ዳኘው
አስረስ።